ተረኛውና ጠባቂው፦ በመስኖ ቦይ ላይ ስላለ ሚዛን



በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ በዚህ ሳምንት ባትሪውን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቦይ ዳር ያደረ ሰው አለ? እጃችሁን ባታወጡም ከዓይናችሁ አየዋለሁ። በሸዋሮቢትና በቀወት ቆላ የበጋ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ከላቡ ሌላ እንቅልፉንም ይከፍላል። ከጣርማ በር ተዳፋት እየተንደረደረ የሚወርደው የሮቢ ወንዝ በክረምት ይደነፋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ይሳሳል። ውሃ ሲሳሳ ተራ ይመጣል። ተራ ሲመጣ ደግሞ የላዩና የታቹ ገበሬ በዓይነ ቁራኛ መተያየት ይጀምራሉ።

ዛሬ የምናገረው ስለዚህ መተያየት ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህን የሚያጠኑበት ዘርፍ አላቸው፤ የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ይሉታል። “ጨዋታ” የሚለው ስም አያሳስታችሁ። የእኔ ውጤት በእኔ ምርጫ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ሰው ምርጫ የሚወሰን ከሆነ ነገሩ ጨዋታ ነው። ዝናብ ጠብቆ የሚዘራ ገበሬ ከሰማይ ጋር አይጫወትም፤ ሰማዩ እሱ ምን እንዳሰበ አያስብም። ጎረቤቱ ግን ያስባል፤ ያውም “እሱ ምን እያሰበ ይሆን?” እያለ ነው የሚያስበው። ጭንቁም ከዚህ ይመጣል።

መጀመሪያ ቀላሉን እንመልከት። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሰንበቴ ገበያ እሑድ ትቆማለች። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ አርጎባው ሸማውን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዘው በዚያው ቀን ይገናኛሉ። ለምን እሑድ? ረቡዕ ቢሆን ምን ነበረበት? ምንም። ሁሉም ረቡዕ ቢመጣ ኖሮ ረቡዕም ያው ገበያ ይሆን ነበር። ዛሬ ግን አንድ ፍየል ሻጭ ብቻውን ተነሥቶ ረቡዕ ቢሄድ የሚያገኘው ባዶ ሜዳ ነው፤ ገዢውም ብቻውን ቢሄድ እንዲሁ። ስለዚህ ማንም ከእሑድ አይነቃነቅም።

ሚዛን የምንለው ይህን ነው። ሁሉም የሌሎቹን ምርጫ ቢያውቁት እንኳ፣ ማንም ብቻውን ምርጫውን ቀይሮ የማይጠቀምበት ሁኔታ። “ብቻውን” የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ማጠፊያ እሷ ናት። ሚዛን ማለት ጥሩ ማለት አይደለም፤ ፍትሕ ማለትም አይደለም። የሚቆም፣ የሚረጋ ነገር ማለት ብቻ ነው። መጥፎ ነገርም ሊረጋ እንደሚችል የማናውቅ የለንም።

የዚህ ሐሳብ ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 የሃንጋሪው ተወላጅ ጆን ፎን ኖይማን፣ አንዱ ያገኘውን ሌላው በሚያጣበት የሁለት ሰዎች ጨዋታ ምን ጊዜም ሚዛን እንዳለ አረጋገጠ። ገበጣ የዚህ ዓይነት ነው፤ እኔ የሰበሰብኩት ጠጠር ከእናንተ የጎደለ ጠጠር ነው። የገበጣ የምዕራብ አፍሪካ ዘመድ የሆነውን አዋሪ የተባለ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር እስከ ጥጉ ፈተሹት። ከ889 ቢሊዮን በላይ አቀማመጦችን መርምረው፣ ሁለቱም ያለ ስሕተት ከተጫወቱ ጨዋታው እኩል ለእኩል እንደሚያልቅ ደረሱበት።

የመስኖ ውሃ ግን እንደ ገበጣ አይደለም። የላዩ በጨለማ ጠልፎ ያገኘው ጥቅም ከታቹ ጉዳት ጋር እኩል አይሆንም። ቦይ ዳር የጠፋው እንቅልፍ ደግሞ ለማንም ትርፍ አልሆነም፤ ዝም ብሎ ጠፋ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ መልስ ያመጣው አሜሪካዊው ጆን ናሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመችውን አጭር ጽሑፉን ሲጽፍ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ተጫዋቾቹና ምርጫዎቹ የሚቆጠሩ እስከሆኑ ድረስ በማንኛውም ጨዋታ ቢያንስ አንድ ሚዛን እንዳለ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1994 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይኸው ሥራ ነው። ግን “አለ” ማለትና “ይኸው” ብሎ ማሳየት ይለያያሉ። ምርጫዎቹ ብዙ ሲሆኑ፣ ሁለት ተጫዋቾች ብቻ እያሉ እንኳ፣ ሚዛኑን ፈልጎ ማግኘት ለኮምፒውተርም አስቸጋሪ ሊሆን እንደሚችል ሁለት ቻይናውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 አሳይተዋል። ሁለት ሁለት ምርጫ ላላቸው ሁለት ሰዎች ግን ጣትና አቧራ ይበቃል።

እንግዲያው አቧራው ላይ አራት ሳጥን ሥሩ። ገበሬዎቹን የላዩና የታቹ እንበላቸው። የላዩ ተራው ማታ አልቋል፤ ውሃውን ለታቹ መልቀቅ አለበት። ሌሊት ተነሥቶ መልሶ ሊጠልፈውም ይችላል። ታቹም ሁለት ምርጫ አለው፤ ቦይ ዳር መጠበቅ፣ ወይም ቤቱ ገብቶ መተኛት። ጨለማ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ሳያይ ነው የሚወስነው።

ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ቤታችሁ ስትገቡ በየማሳችሁ ልክ ቀይሯቸው። የላዩ ጠልፎ ካልተያዘ 300 ብር ይጠቀማል፤ ከተያዘ 600 ብር ይከስራል፤ ካልጠለፈ አይጠቀምም፣ አይጎዳም። ታቹ ተኝቶ ውሃው ከተጠለፈበት 400 ብር የሚያወጣ ሽንኩርት ይደርቅበታል። ከጠበቀ ውሃው ይተርፋል፤ ነገር ግን ሌባ መጣም አልመጣም የሌሊቱ ድካም 100 ብር ያስወጣዋል። ተኝቶም ማንም ካልነካበት ምንም አያጣም።

ሚዛን አፈላለጉ እንዲህ ነው። አንዱን ምርጫ ያዙና “ይህ ከሆነ ለሌላው ምን ይሻለዋል?” ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚሻለው ሳጥን ላይ ጠጠር አኑሩ። ከዚያ ዞራችሁ ለሌላኛው ጠይቁ። ሁለት ጠጠር ያረፈበት ሳጥን ካለ ሚዛኑ እሱ ነው። እንሞክረው። ታቹ የሚጠብቅ ከሆነ ለላዩ አለመጥለፍ ይሻለዋል። የላዩ የማይጠልፍ ከሆነ ታቹ ለምን ያድራል? ይተኛ። ታቹ ከተኛ ለላዩ መጥለፍ ይሻለዋል። የላዩ የሚጠልፍ ከሆነ ታቹ መጠበቅ አለበት። ተመልሰን የጀመርንበት ደረስን! አራቱም ሳጥኖች አንድ አንድ ጠጠር ብቻ አላቸው፤ የሚረጋ ሳጥን የለም።

ናሽ ግን ሚዛን አለ ብሏል። የት አለ? ከሳጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው ነው፤ አንዳንድ ሌሊት ይህን፣ አንዳንድ ሌሊት ያንን በማድረግ ውስጥ። ድብልቅ ስልት ይባላል።

የኳስ ወዳጆች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታ ልጅ ሁልጊዜ ወደ ቀኙ ከመታ በረኛው ሁልጊዜ ወደዚያ ይወረወራል። ስለዚህ ማቀላቀል አለበት፤ አቀላቀሉም በረኛው የሚይዘው ፈለግ የሌለው መሆን አለበት። ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ ዌርታ የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት 1,417 ፍጹም ቅጣት ምቶችን መርምሮ፣ ተጫዋቾቹ ንድፈ ሐሳቡ ከሚለው ጋር እጅግ በሚቀራረብ መንገድ እንደሚያቀላቅሉ አግኝቷል። ሒሳቡን ማንም አላስተማራቸውም።

ወደ ቦያችን እንመለስ። የላዩ ከስንት ሌሊት አንዱን ይጠልፋል? አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙ፤ እኔ ራሴ ስማረው ለማመን የተቸገርኩበት ነገር ነው። የላዩን ልማድ ለማወቅ የምንቆጥረው የላዩን ትርፍና ኪሳራ አይደለም፤ የታቹን ነው።

ታቹ 4 ሌሊት ቢጠብቅ በ100 ሒሳብ 400 ብር ያወጣል። 4 ሌሊት ቢተኛና ከአራቱ በአንዱ ቢጠለፍበት ያው 400 ብር ያጣል። ስለዚህ ስርቆቱ ከ4 ሌሊት 1 ሲሆን ለታቹ መጠበቅና መተኛት እኩል ይሆኑበታል። ስርቆቱ ከዚያ ቢበዛ ታቹ በየሌሊቱ ይጠብቅ ነበር፤ ያኔ የላዩ ያቆማል። ከዚያ ቢያንስ ደግሞ ታቹ ጨርሶ ይተኛ ነበር፤ ያኔ የላዩ በየሌሊቱ ይመጣል። የሚረጋው ከ4 ሌሊት 1 ላይ ብቻ ነው።

የታቹን ልማድ ደግሞ ከላዩ ኪስ እናገኘዋለን። የላዩ 3 ሌሊት ቢጠልፍ፣ በሁለቱ 300፣ 300 አግኝቶ በአንዱ ቢያዝና 600 ቢከስር ዜሮ ላይ ይቀራል፤ ካለመጥለፍ ጋር እኩል። ስለዚህ ታቹ ከ3 ሌሊት አንዱን ይጠብቃል። ሚዛኑ ይህ ነው፦ ስርቆት ከ4 ሌሊት 1፣ ጥበቃ ከ3 ሌሊት 1።

በዚህ ሚዛን ማን ተጠቀመ? የላዩ ጠለፈም አልጠለፈም በአማካይ የሚያገኘው ዜሮ ነው። ታቹ በየሌሊቱ በአማካይ 100 ብር ያጣል። ሁለቱ ተማምነው ቢተኙ ኖሮ ሁለቱም ዜሮ ላይ ይሆኑ ነበር። ለላዩ ምንም ያልጨመረ፣ ታቹን ግን በየሌሊቱ የሚያስከፍል ነገር ነው የረጋው። ይህን ሳስብ ያመኛል፤ ሌባው እንኳ ያላተረፈበት ስርቆት ነውና።

እንግዲህ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የምንሰማውን መፍትሔ እንፈትን፦ ቅጣት ይጨመር! የተያዘ ጠላፊ የሚከስረው ከ600 ወደ 1,500 ብር ከፍ ይበል። ምን ይሆናል? የስርቆቱን መጠን የወሰነው የታቹ ሒሳብ ነበር፤ የታቹ ሒሳብ ደግሞ አልተነካም። 4 ሌሊት መጠበቅ አሁንም 400፣ ከ4 ሌሊት አንዴ መሰረቅም 400 ነው። ስለዚህ ስርቆቱ ከ4 ሌሊት 1 እንደሆነ ይቀራል! የሚለወጠው ጥበቃው ነው። አሁን የላዩ ዜሮ ላይ የሚቀረው 5 ሌሊት 300 አግኝቶ በ6ኛው 1,500 ሲከስር ስለሆነ፣ ታቹ ከ6 ሌሊት አንዱን ብቻ ይጠብቃል። ቅጣቱ ስርቆቱን አልቀነሰም፤ ጠባቂውን አስተኛው። ቅጣት ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ቅጣት ብቻውን የሚሠራው ጠባቂው ከበፊቱ እኩል የሚነቃ ከሆነ ነው፤ ሰው ግን ቅጣቱ ሲከብድ ተማምኖ ይተኛል።

ስርቆቱን መቀነስ የሚፈልግ ሰው የጠባቂውን ኪስ ይንካ። ሁለት መንገድ ላሳያችሁ። አንደኛው፣ የተያዘው ሰው የሚከፍለው 600 ብር ወደ ካዝና መግባቱ ቀርቶ ለያዘው ሰው ይሰጥ። ታቹ 10 ሌሊት ቢጠብቅ 1,000 ብር ያወጣል፤ ከአሥሩ በአንዱ ቢይዝ 600 ይመለስለታል፤ የሚቀርበት 400 ነው። 10 ሌሊት ተኝቶ አንዴ ቢሰረቅም 400 ያጣል። ከ4 ሌሊት 1 የነበረው ስርቆት ከ10 ሌሊት 1 ሆነ፤ ቅጣቱ ላይ አንድ ብር ሳንጨምር። ሁለተኛው መንገድ የመጠበቅን ድካም ማቅለል ነው። የሌሊቱ ዋጋ ከ100 ወደ 20 ብር ቢወርድ፣ በዚያው ስሌት ስርቆቱ ከ20 ሌሊት 1 ይሆናል። መጠበቅ ጥቂትም ቢሆን እስካስከፈለ ድረስ ስርቆት ጨርሶ ዜሮ አይገባም፤ ግን ከአራት አንድና ከሃያ አንድ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ድካሙን እንዴት እናቅልለው? ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1991 ስለዚሁ ጉዳይ ጥናት አሳትመዋል፤ አንዱ ፍራንዝ ቫይሲንግ፣ ሌላዋ ኤሊኖር ኦስትሮም። ጥናታቸው የወጣበትን መጽሐፍ ያዘጋጀው ከናሽ ጋር ኖቤልን የተካፈለው ራይንሃርድ ዜልተን ነው። ኦስትሮምም እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት ኖቤል በመሸለም የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ጥናቱ ያነሣው ጥያቄ ቅጥር ዘበኛ ሳይኖር የመስኖ ደንብ እንዴት ሊከበር እንደሚችል ነው። የወሰዷቸው ተጫዋቾችም ውሃ የያዘው ተረኛና ተራውን የሚጠብቀው ገበሬ ናቸው፤ የእኛ የላዩና የታቹ ማለት ነው። ተራ በሥርዓት ሲያዝ ቀጣዩ ሰው ለጥበቃ ብሎ አይመጣም፤ የራሱን ውሃ ለመቀበል አካፋውን ይዞ ይመጣል፤ መጥቶም ያያል። በስፔን የቫሌንሲያ ገበሬዎች ተራቸውን እንዲህ እየተጠባበቁ ለዘመናት ኖረዋል፤ የውሃ ዳኞቻቸውም በየሐሙሱ እኩለ ቀን በካቴድራሉ በር ላይ ተቀምጠው በቃል ይፈርዳሉ።

እኛም የውሃ አባት የሚባል ሹመት ያለን ሕዝብ ነን። የውሃ አባት ተራ ሲያወጣ ዕጣ ቢያወጣና ተረኞቹ በቦዩ ላይና ታች ቢበታተኑ፣ ተረካቢው ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ማየት ይከብደዋል። ተራው በማሳ ቅደም ተከተል ከሆነ ግን የሚረከበው ሰው ድንበርተኛው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ተራ በአጫጭር ሰዓት ቢከፈል ደግሞ ውሃ የያዘው ሰው እያጠጣ ስለሚነቃ ጥበቃውና ሥራው አንድ ይሆናሉ። የታቹ 100 ብር ወደ 20 የሚወርደው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው “ገበሬ ዕጣ እየጣለ አይሰርቅም” ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው። አንዱን ሌሊት ልጅ ታሞበት ይተኛል፣ ሌላውን ሌሊት ሽንኩርቱ ጠውልጎ አላስተኛ ይለዋል። ምክንያቱን እሱ ያውቃል፤ ጎረቤቱ ግን ስለማያውቀው ለጎረቤቱ ዕጣ ነው። ከናሽ ጋር የተሸለመው ሦስተኛው ሰው ጆን ሃርሳኒ እ.ኤ.አ. በ1973 ድብልቅ ስልትን የተረጎመው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላ ሰው ደግሞ “እነዚህ እኮ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ነገም ይገናኛሉ” ይለኛል። ይህ የበለጠ ከባድ ጥያቄ ስለሆነ ላልፈው አልፈልግም። ጨዋታ ሲደጋገም መተማመን ሚዛን ሊሆን እንደሚችል ይታወቃል፤ ዛሬ የከዳ ነገ ይቀጣልና። በእኛ ቦይ ግን ችግር አለ። ታቹ የተከዳ ዕለት ምን ሊያደርግ ይችላል? ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ቢጠብቅ እንኳ የላዩን የሚመልሰው ወደ ዜሮ ነው፤ የላዩ ደግሞ ታማኝ ሆኖም ያገኝ የነበረው ዜሮ ነው። ከላይ ያለ ሰው ቦዩ ላይ የሚያጣው ነገር የለውም! የሚያጣው ካለ ሌላ ቦታ ነው፦ በደቦው፣ በወንፈሉ፣ በዕድሩ፣ ማሾ ለመልቀም የሚመጡለት እጆች ላይ፣ በልጁ ሠርግ ላይ። በዚሁ በይፋት መስጊድ የሚሄደውና ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በአንድ ቦይ ያጠጣሉ፤ በአንድ ለቅሶም ይቀመጣሉ። ውሃውን ከቅጣት ደብተር ይልቅ የሚጠብቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሒሳቡም ይደግፈኛል። የውሃ አባቶች ጠላፊን ሲከሱ ሽማግሌ የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጉዳዩን ከቦዩ አውጥተው ሰውየው የሚያጣው ነገር ወዳለበት ቦታ ይወስዱታል። አዲስ ሰፋሪ ወይም ማሳ ተከራይቶ ለአንድ በጋ ብቻ የመጣ ሰው ሲበዛ ግን ይህ መያዣ ይላላል፤ ያኔ የተራው አደራደርና የቅጣቱ አከፋፈል ይበልጥ ክብደት ያገኛሉ።

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ደንብ የምትጽፉት እዚህ የተቀመጣችሁት እናንተና ጎረቤቶቻችሁ ናችሁ። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ “ቅጣት ይጨመር” የሚል ሐሳብ ሲቀርብ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ተነሡና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የቅጣቱ ገንዘብ ሌሊቱን ነቅቶ ለያዘው ሰው ይደርሳል ወይ? የእኔን ተራ የሚረከበው ሰው ማሳስ ከእኔ ማሳ ቀጥሎ ነው ወይ?